“ሦስት ጊዜ ገዛሁ፣ ሦስት ጊዜ አለቁብኝ!”

በዚህ አምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ኩርፊያ፣ ስለ አማትና ምራት ስንባባል ከርመናል። የዛሬዋን ጠያቂያችንን እንቅልፍ የነሳት ግን ሰው ሳይሆን ዓሣ ነው። (በነገሩ ውስጥ እጮኛም አለበት፤ ትደርሱበታላችሁ።) ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል ፍሬ ነገሩን ብቻ እነሆ፦

“እኔ የ27 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው በአዳማ ከተማ ነው። የራሴ ትንሽ የሴቶች ውበት ሳሎን አለችኝ። እቁብ ሲወጣልኝ ሳሎኔን ላሳምር ብዬ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም ገዛሁ። የፕላስቲክ ሳይሆን እውነተኛ ተክል አስተከልኩበት፤ ተክሉ እስካሁን ደህና ነው። ዓሣ ግን አልበረክትልኝ አለ። መጀመሪያ ሰማያዊና ቀይ መስመር ያላቸውን ትንንሾቹን ሃያ ገዛሁ፤ አሥር ቀን አልሞላቸውም። ቀጥሎ ሁለት ጎልድፊሽ አመጣሁ፤ ተክሉን ሲነጩ ከርመው እነሱም ሞቱ። በሦስተኛው ያየሁትን ቆንጆ ሁሉ ቀላቅዬ ገዛሁ፤ ገሚሱ ገሚሱን በላው፣ የቀረውም አለቀ። በሞቱብኝ ቁጥር ተክሉን በባልዲ አቆይቼ፣ ውሃውን ደፍቼ፣ ጠጠሩንና ፊልተሩን በበረኪና አጥቤ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ማታ ሳሎኑን ስዘጋ እሳት እንዳይነሳ ስለምፈራ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋለሁ። ደንበኞቼ ‘ዓይን ነው’ ይሉኛል። ለሥራ ባቱ የሚመላለሰው እጮኛዬ ደግሞ ‘ገንዘብሽን ከምታባክኚ የቆሮሶ ጫጩትና የሐይቅ ተክል በነጻ አመጣልሻለሁ’ አለኝ። እምቢ ስለው ተኳረፍን። ያወጣሁት ብር ብቻ አይደለም፤ ስንት ነፍስ አጠፋሁ እያልኩ እጨነቃለሁ። ሸጬው ልገላገል ወይስ በእኛ ውሃ የሚኖር ዓሣ አለ? ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከአዳማ።”

እህቴ፣ አትሽጪው! በአዳማ ውሃ ተመችቶት የሚኖር፣ ተክልሽንም የማይነካ ዓሣ አለ። ያውም ከውዶቹ ወገን አይደለም። እስከ ዛሬ ያደረግሽው ግን ዓሣውን በመልኩ መርጦ ውሃው እንዲስማማው መመኘት ነው። (በመልክ መርጦ ጠባይ ይስማማል ብሎ መመኘት በሌላም ጉዳይ ስንቱን እንዳስለቀሰ ይህ አምድ ምስክር ነው።) መጀመሪያ ውሃሽን እወቂ፤ ከዚያ ለውሃው የሚሆን ዓሣ ፈልጊለት። ዓይን የተባለውን ለጊዜው እንተወው።

ውሃችን ምን ዓይነት ነው? እኛ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ጥርሳችን ይናገርብናል። በወንጂም ሆነ በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ የሚበልዘው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ነው። ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሶዳው ማለትም ባይካርቦኔቱ የበዛ፣ ካልሲየሙ ያነሰ ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት ጋር ሲታሽ የኖረ ውሃ ጠባዩ ይኸው ነው። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ ከብዙ ጉድጓዶች ይሻላል፤ ቢሆንም እሱም ወደ አልካላይን ያደላል። ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት ፒኤች በሚሉት ቁጥር ነው። መካከሉ 7 ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን ይባላል። በእኛ አካባቢ ከ7.5 እስከ 8.5 ማግኘት የተለመደ ነው። ሻላ ሐይቅ ድረስ ብትወርጂ ደግሞ ከ9 በላይ ታገኛለሽ፤ እዚያ ኒዮን አይሞክረውም!

ያ ሰማያዊና ቀይ መስመር ያለው ትንሽ ዓሣ ስሙ ኒዮን ቴትራ ነው። አገሩ የአማዞን ወንዝ ነው። እዚያ ውሃው በበሰበሰ ቅጠል እንደ ሻይ የጠቆረ፣ ማዕድን የሌለው፣ አሲድነት ያለው ነው። በሰው እጅ የተራባው ኒዮን ከአያቶቹ ይልቅ ቻይ ሆኗል፤ ግን ከዚያ ዓይነት ውሃ አንስተሽ ሶዳ ውስጥ ስትጨምሪው የሚቀረው አቅም ትንሽ ነው። ዲስከስ የሚባለው እንደ ሳህን ክብ የሆነው ውድ ዓሣም ያው የአማዞን ልጅ ነው፤ እሱን እንዳታስቢው። ኤንጅልፊሽ ከነዚህ ይልቅ ይችላል፤ ግን ሲያድግ ትንንሾቹን ይበላል። በሦስተኛው ዙር ገሚሱ ገሚሱን በላው ያልሽው የእንዲህ ያለው ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

“ታዲያ ሎሚ ወይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበትና አሲድ ይሆናል” የሚሉሽ አይጠፉም። አትስሚያቸው! ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ አሲዱን ውጦ በማግስቱ ወደነበረበት ይመለሳል። ዓሣው ደግሞ ዛሬ ወደ ታች ነገ ወደ ላይ እየተንገላታ ይሞታል። ዓሣ አንድ ቦታ የረጋ ከፍ ያለ ፒኤች ይለምዳል፤ የሚወዛወዘውን ግን አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ገዳይ እንምጣ። በእኔ ግምት ኒዮኖቹን ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም ዙር የጨረሰብሽ አሞኒያ ነው። ዓሣ በጉንጩ ሲተነፍስ አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ብዙም የማይጎዳ፣ ሌላው መርዝ። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ፒኤቹና ሙቀቱ ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ሆኖ ፒኤቹ 7 ሲሆን መርዛማው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲሆን ከመቶ አምስት ያልፋል፤ 8.5 ሲደርስ ከመቶ ወደ አሥራ አምስት ይጠጋል። ይታይሽ! ሌላ አገር ምንም የማያደርግ ቆሻሻ እዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ይመርዛል ማለት ነው። የፈረንጅ መጽሐፍ አንብቦ ዓሣ የሚገዛ የአዳማ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ይህን መርዝ የሚያጠፉልሽ ባክቴሪያዎች ናቸው። ፊልተሩ ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ ሰፍረው አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ለተክልሽ ምግብ ወደሚሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ተራብተው እስኪጠግቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። አንቺ ደግሞ በየጊዜው በበረኪና ፈጀሻቸው! ማታ ማታም መብራት ከቆጣሪው ስታጠፊ ፊልተሩ ቆሞ ያድራል። የተረፉት ባክቴሪያዎች ኦክስጂን አጥተው ይዳከማሉ። በዚያ ላይ ተክል ኦክስጂን የሚሰጠው ብርሃን ሲያገኝ ብቻ ነው፤ በጨለማ እሱም ከዓሣው እኩል ይሻማል። ጠዋት ስትከፍቺ ዓሣዎቹ ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ አይተሽ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። የእሳቱ ፍርሃትሽ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ኤሌክትሪሺያን ጠርተሽ ለፊልተሩ ብቻ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው መስመር አስለዪና ሌላውን አጥፊ። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ውሃ ቢንጠባጠብ እዚያ ወለል ላይ ይወድቃል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳሎን ውስጥ ነው ያለሽው። የጸጉር ቀለም ራሱ አሞኒያ አለበት። ስፕሬዩ፣ አሴቶኑ፣ የማስተካከያው ሽታ ሁሉ በአየር ፓምፑ ተስቦ ገንዳው ውስጥ ይገባል። ገንዳውን ከመሥሪያ ወንበሮቹ አርቀሽ በር አካባቢ አድርጊው፤ ክዳን ይኑረው፤ ከተቻለ የአየር ፓምፑን ቱቦ ከሌላ ክፍል ሳቢው። ቀለም በነካ እጅ ገንዳው ውስጥ አይገባም።

ወደ ጎልድፊሾቹ። ጎልድፊሽ ውሃችን አይጠላም፤ ጥፋቱ ሌላ ነው። የካርፕ ዘመድ ስለሆነ ለስላሳ ቅጠል ያገኘ እንደሆነ እንደ ሰላጣ ነው የሚበላው፤ ጠጠሩንም ሲቆፍር ሥሩን ይነቅላል። ቆሻሻውም ብዙ ነው። ተክል ባለበት ገንዳ ጎልድፊሽ ማለት ጎመን ማሳ ውስጥ ፍየል ማለት ነው። ኦስካር የሚባለውም ሲገዙት አውራ ጣት አክሎ ሲያድግ ጫማ የሚያህል ነው፤ ተክሉንም ጎረቤቱንም አይምርም። ከማላዊ ሐይቅ የሚመጡትን ባለ ቀለም ዓሣዎች ደግሞ “አልካላይን ይወዳሉና ይስማሙሻል” ብሎ ሊሸጥልሽ የሚሞክር ነጋዴ አይጠፋም። ውሃውን በተመለከተ አልዋሸሽም። ግን አብዛኞቹ ቆፋሪና ጠበኛ ናቸው፤ ለእነሱ የሚሆነው ድንጋይ እንጂ ተክል አይደለም።

አሁን የኩርፊያውን ጉዳይ እናንሳ። እጮኛሽ ክፉ አላሰበም። ውሃውን የሚያውቅ የአገር ዓሣ ይሻላል ማለቱም በሐሳብ ደረጃ ጥሩ ነው። ቆሮሶ ግን ለዚህ አይሆንም። ወንዱ ቆሮሶ ሊራባ ሲያስብ አሸዋውን በአፉ እያፈሰ እንደ ሳህን የጎደጎደ ጎጆ ይቆፍራል፤ የተከልሽው ሁሉ ተነቅሎ ይንሳፈፋል። እሱ ለምሳ የሚሆን ዓሣ ነው፤ 80 ሳንቲ ሜትር ገንዳ ምኑም አይደለም። አምባዛ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ! ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግ፣ በሌሊት ወጥቶ ትንንሾቹን የሚለቅም ዓሣ ነው።

ይልቁንም እኔን ያሳሰበኝ ከሐይቁ የሚመጣው ተክል ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ወንጂም በዚሁ በሽታ ስሟ የሚነሳ ናት። የበሽታው ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይዋኝና በሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። አያሳክክም ይሆናል፣ አይታይም፤ ቆይቶ ግን አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ቦታ ደግሞ ልክ እጮኛሽ ተክል ሊነቅል የሚገባበት ጥልቀት የሌለው፣ ሣር የበዛበት ዳርቻ ነው። ሱሪውን ሰብስቦ ሲገባ ቀድሞ የሚጋለጠው እሱ ነው። በቅጠሉ ላይ ተጣብቆ የመጣ አንድ የተለከፈ ቀንድ አውጣ ደግሞ ገንዳሽ ውስጥ ለሳምንታት ትሉን ሲለቅ ይቆያል፤ አንቺም በየሳምንቱ እጅሽን እስከ ክርንሽ እየነከርሽ ታጸጃለሽ። ይህን ንገሪውና ታረቁ። እስካሁን ገብቶ ነቅሎ የሚያውቅ ከሆነም ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራውን ይመርመር፤ ከተገኘበት መድኃኒቱ ቀላል ነው።

የአገር ዓሣ ከተነሳ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በአዋሽና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከጣት የማይበልጥ ዓይኑ የሚያብረቀርቅ ዓሣ አለ። በሳይንሳዊ ስሙ አንቲኖሪ ይባላል፤ በ1882 እ.ኤ.አ. አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በተባለው ቦታ በሞተው በጣሊያናዊው አገር አሳሽ ስም መሆኑ ነው። ጋራ የሚባለው ዓሣም አለ፤ ከአፉ ሥር ባለው መምጠጫ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ አረንጓዴውን ዝቃጭ እየላሰ ይኖራል። አንዱ ዘሩ በመቂ ወንዝ ስም ነው የተጠራው። ሁለቱም ለገንዳ ባያንሱም በሱቅ አይሸጡም። ከወንዝ ቀድቶ ማምጣት ደግሞ ያው የቢልሃርዚያ ጣጣ ነው። እኛ ከአማዞን ስናስመጣ የመቂው ዓሣ ማንም ሳያውቀው ድንጋዩን ይልሳል። ይገርማል!

እንግዲህ የሚሆንሽን ልንገርሽ። የመጀመሪያው ጋፒ ነው። ከቬንዝዌላና ከትሪኒዳድ አካባቢ የወጣ፣ አልካላይን ውሃ የሚወድ፣ ተክል የማይነቅል፣ ወንዱ ጅራቱን እንደ ሐር ቀሚስ የሚጎትት ዓሣ። የቢንቢ እጭም ይበላል። ብዙ ሰው “ጋፒ ተራ ነው” ብሎ ይንቀዋል። ስድስት ወንድ ጋፒ በአረንጓዴ ተክል መካከል ሲዋኙ ያየ ሰው ግን ይህን አይደግመውም። ሁለተኛው ፕላቲ ነው፤ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ ቀይም ብርቱካናማም የሚሆን፣ ድብልብል ያለ ሰላማዊ ዓሣ። ቅዝቃዜም ይችላል። ከኅዳር እስከ ጥር የአዳማ ሌሊት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አንቺው ታውቂያለሽ፤ ሙቀቱ ወደ 20 ቢወርድ ፕላቲ አያማርርም። ሞሊም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ከሁሉ ይልቅ ሶዳውን የሚወደው እሱ ነው፤ በድንጋይና በቅጠል ላይ የሚያድገውን አረንጓዴ ዝቃጭም ይግጣል። ግን እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ያድጋልና ብዙ አይሆንም። ጅራቱ እንደ ጎራዴ የሾለው ሶርድቴይልም አለ፤ እሱ ዘላይ ስለሆነ ክዳን ከሌለ ጠዋት ወለል ላይ ታገኚዋለሽ።

እነዚህ ሁሉ እንቁላል አይጥሉም፤ ሕያው ጫጩት ነው የሚወልዱት። እዚህ ላይ ወጣት አንባቢዎቻችን ጆሯችሁን አቅኑ! ወንዱ ጋፒ ለከፋ የሚያበዛ ዱርዬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሴቷን ሲያሳድዳት ይውላል። አንድ ለአንድ ካደረግሻቸው ሴቷ ተጨንቃ ትሞታለች። ስለዚህ ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ይሁን ይባላል። ያኔ ግን በየወሩ ጫጩት ነው። ሴቷ አንዴ ከተገናኘች የወንዱን ዘር ለወራት አቆይታ ወንድ በሌለበትም ትወልዳለች። ከሱቅ “ሴት ብቻ ገዛሁ” ብሎ የተዝናና ሰው በወሩ ሰላሳ ጫጩት ይቆጥራል። ለአንቺ የምመክርሽ ወንድ ጋፒ ብቻ ነው። ቀለሙም ያለው በወንዱ ላይ ነው፤ ሴቶቹ አመድማ ናቸው (አትቀየሙ፣ የዓሣዎቹን ነው ያልኩት)። ፕላቲውንም ወንድ ብቻ ማድረግ ትችያለሽ። ለመለየት ሆዱ ሥር ያለችውን ክንፍ እይ፤ የወንዱ እንደ ስንደዶ የቀጠነች፣ የሴቷ እንደ ማራገቢያ የተከፈተች ናት።

ለጽዳት አንድ አንሲስትረስ ጨምሪ። ጢማም፣ መልከ ጥፉ፣ መስታወት ላይ ተጣብቆ የሚውል ዓሣ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ቢሆንም ሆደ ሰፊ ነው፤ ውሃችንን ይለምዳል፣ ከአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ስትገዢ ግን ተጠንቀቂ፤ “ፕሌኮ” በሚለው በዚያው ስም የሚሸጥ ሌላ ዓሣ አለ፣ እሱ ግማሽ ሜትር ይጠጋል። ምልክቱ የጀርባ ክንፉ ረጅምና እንደ ሸራ የተወጠረ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ተይው።

በቢሾፍቱ ወይም ከዚያ በላይ ባሉ ብርድማ ከተሞች ላላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ዚብራ ዳኒዮን እመክራለሁ። ርዝመቱን የተከተለ ሰማያዊ መስመር ያለው ፈጣን ዓሣ ነው፤ ያለ ሂተር ከሚኖሩት ጥቂቶች አንዱ እሱ ነው። ከስድስት ባላነሰ መንጋ ይገዛል። ከረጃጅም ጅራት ጋፒ ጋር ግን አታኑሩት፣ ይነጫጨዋል።

ስንት ይሁኑ? ገንዳሽ ሞልቶ 112 ሊትር ይይዛል፤ ጠጠሩና ጎደሎው ሲቀነስ 90 አካባቢ በይው። ስድስት ወንድ ጋፒ፣ አምስት ፕላቲ፣ አንድ አንሲስትረስ። በቃ! ያንስብኛል ትይ ይሆናል። አዳማ ያለችው ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጂን ባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህሉን ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይቀንሳል። መብራት የጠፋ ዕለት ገንዳሽን የሚያድነው የዓሣዎቹ ማነስ ነው። አሥራ ሁለት ዓሣ ጠዋት ድረስ ይቆያል፤ ሠላሳው አይቆይም። ለማንኛውም መብራቱ ከዘገየ በኩባያ እየቀዳሽ ከከፍታ መልሰሽ አፍሽበት፤ የዚያን ቀን ምግብ አትስጪ።

አንዴ ሁሉንም እንዳትገዢ! አሁን ገንዳው ባዶ ከሆነ ተክሉን እንዳለ ተይው፣ ፊልተሩ ሌት ተቀን ይሥራ፣ በየሁለት ቀኑ የጣት ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣይበት፤ ባክቴሪያዎቹ የሚራቡት እሱን በልተው ነው። ጤነኛ ገንዳ ያለው ሰው ካወቅሽ ከፊልተሩ ስፖንጅ ቁራጭ ለምኚው፤ ሳምንታት ያሳጥርልሻል። ከአንድ ወር በኋላ ሦስት ጋፒ። ሁለት ሳምንት ጠብቀሽ ሦስት። እንዲህ እያልሽ ሂጂ። ፊልተሩን ከእንግዲህ ከራሱ ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ ብቻ እጠቢው። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ቀይሪ፤ አዲሱ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ባልዲ ክፍት ሆኖ አንድ ቀን ይደር። ደንበኞችሽ ደግሞ ከማኪያቶው ጋር የመጣውን ዳቦ እየፈረፈሩ እንዳይጥሉበት ወረቀት ለጥፊ። ቀልዴን አይደለም፤ ሳሎንና ካፌ ውስጥ ያለ ዓሣ ስንቴ የሚሞተው ጠግቦ ነው።

ከየት ይገዛ? አዲስ አበባ ከመሄድሽ በፊት እዚሁ አዳማ፣ ሞጆ ወይም ቢሾፍቱ ውስጥ ጋፒ የሚያራባ ሰው አፈላልጊ። በዚህ ውሃ የተወለደ ጋፒ ከውጭ ከመጣው ባለ ግርማው ጋፒ ይበልጥብሻል። ከአዲስ አበባ ካመጣሽ ግን ነጋዴውን “ከመጡ ስንት ቀናቸው? ምግብ ሲበሉ አሳየኝ” በይው። ሁለት ሳምንት ያልቆየ ዓሣ አትግዢ። ክንፉን አጣብቆ የሚዋኝ፣ ሆዱ የገባ፣ ሰውነቱ ላይ ጨው የመሰለ ነጠብጣብ ያለበት፣ ወይም በገንዳው ውስጥ አንድ እንኳ የሞተ ካየሽ ውጪ። ሰው ይታዘበኛል አትበይ! በመንገድ ላይ ላስቲኩን ጥላ ሥር አድርጊ። ስትደርሺ እንደታሰረ ገንዳው ላይ ሩብ ሰዓት ይንሳፈፍ፤ ከዚያ ፍቺውና ከገንዳው ውሃ ጥቂት በጥቂት ጨምሪበት። ከግማሽ ሰዓት በላይ ግን አታዘግዪ። ላስቲክ ውስጥ የተጠራቀመው አሞኒያ ታስሮ እያለ ብዙም አይጎዳም፤ ሲፈታና የእኛ ውሃ ሲጨመርበት ነው መርዝ የሚሆነው። ዓሣውን በመረብ አውጥተሽ አስገቢ፣ የላስቲኩን ውሃ ድፊው።

ስለ ተክሉ ብዙም አልልም፣ ደህና ነው ብለሻልና። መጨመር ካማረሽ እንደ ሣር የሚረዝመው ቫሊስኔሪያ ባይካርቦኔቱን ራሱን ለምግብነት ስለሚጠቀምበት ለእኛ ውሃ የተፈጠረ ይመስላል። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ደግሞ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ የሚታሰሩ ጠንካሮች ናቸው። ከሱቅ ይሁኑ እንጂ ከሐይቅ አይሁኑ።

አንድ የቀረ አለ። እንዲያም ሆኖ ከነጋዴው መሐል ሴት ገብታብሽ ጫጩት ቢበዛብሽ፣ ወይም አንድ ቀን ቢሰለችሽ፣ “ነጻ ላውጣቸው” ብለሽ አዋሽ ወይም ቆቃ ወስደሽ እንዳትለቂያቸው። ተክሉንም እንዲሁ። ያ ወይን ጠጅ አበባ ያለው ውብ ተክል፣ እምቦጭ፣ በአገራችን መጀመሪያ የታየው በ1965 እ.ኤ.አ. ቆቃና አዋሽ ላይ ነበር። በ2011 ደግሞ ጣና ላይ ታየ፤ የባሕር ዳርና የጎንደር ገበሬ በእጁ ሲነቅለው ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ጫጩት ከተረፈሽ ለደንበኞችሽ ስጪ፤ ገንዳና ፊልተር እንዳላቸው ጠይቀሽ ግን። ከሌላቸው ጸጉራቸውን ብቻ ሠርተሽ ሸኛቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አማትና ምራት እንመለሳለን።